ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መነሻና ፍጻሜ፥ ምሥራቅ ጎጃምም በዚያ ስለ ነበራት ድርሻ

ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የእሳቱን መነሻ የሚቈጥረው ነበልባሉ ከጣራው በላይ ከታየበት ሰዓት አይደለም፤ ፍሙ ከምድጃው ከወደቀበት ሰዓት ነው እንጂ። የኤውሮፓ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የሚቈጥሩት የጀርመን ጦር ወደ ፖላንድ ከገባበት ከነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም. ጀምረው ነው። ይህ አቈጣጠር የነበልባሉ አቈጣጠር ነው። ፍሙ የወደቀው ግን አስቀድሞ፥ ከኤውሮፓም ርቆ ነው፤ በሩቅ ምሥራቅ ጃፓን በ1924 ዓ.ም. ማንቹርያን በወረረች ጊዜ፥ በአፍሪካም ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ። ስለዚህ የጦርነቱን ምክንያት፥ አካሄዱንና ያስከተለውን ነገር መመርመር የሚወድ ኢትዮጵያዊ ወደ ዋርሶ ወይም ወደ ለንደን ከመሄዱ በፊት የገዛ አገሩን ተራራና ሸለቆ ማየት ይገባዋል።

ከእነዚህም ስፍራዎች አንዱ የደጀን አፋፍ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፥ ወንዙን ተሻግሮ፥ እንደ ገና ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ዳገት ወጥቶ የሚያርፍባት ከተማ ደጀን ናት። ከዚያም አንዱ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ፥ ሁለተኛው በቢቸና በኩል ወደ ደብረ ወርቅና ወደ ሞጣ ይለያል። ደጀን ማለት በአማርኛ ከፊተኛው ጦር በስተኋላ ቆሞ የሚረዳ፥ የደከመውን የሚደግፍ ኃይል ማለት ነው። ይህች አገር በዚያ ታላቅ ጦርነት ውስጥ ለስሟ የተገባ ሥራ ሠርታለች፤ ነገር ግን ይህ ታሪክ ሁሉ ምስጋና አይደለም፥ የሚያሳዝንም አለበት።

የጦርነቱ ምክንያት ሦስት ወገን ነው ሊባል ይቻላል። ፊተኛው የቂምና የስስት ምክንያት ነው። ኢጣልያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የደረሰባትን ድል መሆን አልረሳችም። በ1899 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በሕይወት ሳሉ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ የየራሳቸውን የጥቅም ክልል የሚያመለክት ውል ተዋዋሉ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከድል አድራጊዎች ጋር የተቈጠረችው ኢጣልያ የጠበቀችውን ያህል ሳታገኝ ስለ ቀረች ሕዝቧ አጕረመረመ፤ በዚህ ማጕረምረም ላይ ቆሞ የፋሽስት ማኅበር አለቃ ቤኒቶ ሙሶሊኒ በጥቅምት ወር 1915 ዓ.ም. ሥልጣን ያዘ። እርሱም ለሕዝቡ እንጀራ በመስጠት ፈንታ የሮማን ቄሣሮች ክብር እመልሳለሁ እያለ ተስፋ ሰጠ። በ1920 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር ለሃያ ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ቢፈራረምም፥ ውሉ ለእርሱ የጊዜ መግዣ ነበረ እንጂ የሰላም ማሰሪያ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት የታላላቆቹ መንግሥታት ድካም ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች ጊዜ፥ ታናሹ መንግሥት ከታላቁ ግፍ በሕግ የሚጠበቅበት ዘመን መጣ ተብሎ ታምኖ ነበረ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ሆነ፤ ኢትዮጵያም ነገሩን ወደ ማኅበሩ አቀረበች። ፈረንሳይ ግን ጀርመንን ስለ ፈራች፥ ሙሶሊኒን ወዳጅ አድርጋ ለማቆየት በታኅሣሥ ወር 1927 ዓ.ም. ሚኒስትሯ ላቫል ሮማ ሄዶ ከእርሱ ጋር ተዋዋለ። ጦርነቱም ሲቃረብ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ተከለከለ። መሣሪያ ለሚሠራው ለኢጣልያ ይህ ክልከላ ምንም አልነበረም፤ ለማይሠራው ለኢትዮጵያ ግን እጅን ማሰር ነበረ።

ሦስተኛው ምክንያት ከእነዚህ ከሁለቱ የተወለደ ነው፤ ይኸውም ክፋት ያለ ቅጣት በቀረ ጊዜ ሌላውን ክፉ ማደፋፈሩ ነው። የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። የማኅበሩ ሸንጎ ከአራት ቀን በኋላ ኢጣልያን ውል አፍራሽ ብሎ ፈረደ፥ የንግድ ማዕቀብም ታወጀ። ነገር ግን ታንክና አውሮፕላን የሚንቀሳቀሱበት ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ ቀረ፤ የስዌዝም ቦይ ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ኖረ። ይባስ ብሎም በኅዳር ወር መጨረሻ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሚኒስትሮች፥ ሆርና ላቫል፥ የኢትዮጵያን ሰፊ ክፍል ለኢጣልያ ቈርሶ ለመስጠት በስውር ተስማሙ። ምስጢሩ በጋዜጣ ወጥቶ ሕዝብ ስለ ተቈጣ አሳቡ ቢፈርስም፥ የሁለቱ መንግሥታት ልብ ለዓለም ተገለጠ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን የአገራችንን ምክር በዚያ ዘመን የሰማ የኤውሮፓ መንግሥት አልነበረም።

የጎጃም ሰው ወደዚህ ጦርነት የገባው ከመጀመሪያው ነው። የጎጃም ገዥ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በደምበጉና ይህ ጦር፥ አብዛኛው አሮጌ ጠመንጃና ጐራዴ ብቻ የያዘ ሆኖ ሳለ፥ ታንክ ያሰለፈውን ጠላት መትቶ ወደ ኋላ መለሰው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን በተከዜ ዳር ከአውሮፕላን ሲወድቅ እንደ ቦምብ የማይፈነዳ በርሜል ታየ፤ ተሰብሮም ከውስጡ ውሃ የሚመስል ነገር ፈሰሰ። ያ ፈሳሽ የነካቸው ወታደሮች ቈዳቸው ተላጠ፥ ዓይናቸው ታወረ። ይህ በ1917 ዓ.ም. በዤኔቭ ውል የተከለከለው፥ ኢጣልያም ራሷ የፈረመችበት የመርዝ ጋዝ ነበረ። ራስ እምሩ የዚህ ነገር የዓይን ምስክር ሆነው ያዩትን በኋላ ለዓለም ተናግረዋል።

ከዚህ ላይ በውጭ ጠላት ላይ የውስጥ መለያየት እንደ ታከለ መናገር ግድ ነው። የጎጃም ባለርስት መኳንንት፥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ዓ.ም. ከግዛታቸው ተሽረው ስለ ታሰሩ፥ ከሸዋ በመጡት ሹሞች ላይ ቅሬታ ነበራቸው። ራስ እምሩ በሽሬ ሳሉ በስተኋላቸው ደጃዝማች ገሠሠ በለው በጎጃም ሸፈቱ። ጠላትም ይህን መለያየት በገንዘብና በተስፋ አሰፋው። በዚህ ዓይነት የጎጃም ጦር ፊቱ በመርዝ ጋዝ ሲቃጠል፥ ደጀን ሊሆነው የሚገባው አገር በስተኋላው ተናወጠ። ከየካቲት 21 እስከ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በሽሬ ታላቅ ጦርነት ሆኖ የራስ እምሩ ሠራዊት ተበተነ።

ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሽሬ ጦርነት ባለቀ በአራተኛው ቀን፥ የካቲት 28 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ ሂትለር የቬርሳይን ውል አፍርሶ ጦሩን ወደ ራይን ወንዝ አገር አስገባ። ፈረንሳይና እንግሊዝ ዓይናቸው በሁለት ወገን ተከፍሎ፥ ይህንንም እንደዚያኛው በዝምታ አለፉት። የማኅበሩ ሕግ በኢትዮጵያ ላይ ሲደፈር ያየ ሰው በኤውሮፓ ላይ ለመድፈር አልፈራም። የተከዜ ውሃና የራይን ውሃ በካርታ ላይ ባይገናኙም፥ በዚያ ሳምንት በታሪክ ተገናኙ።

መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተሰልፈው ተዋጉ፤ ድሉም የጠላት ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች፤ በግንቦት ወርም ጠላት ደብረ ማርቆስ ገባ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን በዤኔቭ ቆመው፥ ዛሬ በኢትዮጵያ የሆነው ነገ በሌላው እንደሚሆን አስጠነቀቁ። ማኅበሩ ግን በሚቀጥለው ሐምሌ ማዕቀቡን አነሣ፤ ከሜክሲኮና ከጥቂት ሌሎች በቀር አብዛኞቹ መንግሥታት ወረራውን በጊዜው ተቀበሉት።

መንግሥታት የተቀበሉትን ሕዝብ አልተቀበለም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ አደባባይ ለጠላት አንገዛም፥ ምድሪቱም እንዳትገዛ ብለው በጥይት ተገደሉ፤ የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤልም እንደ እርሳቸው ተገደሉ። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከአራቱ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ሁለቱ በዚህ ዓይነት ሄዱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው መዓት የታወቀ ነው። በግንቦት ወርም የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በጅምላ ተረሸኑ። ደብረ ሊባኖስ ከደጀን ማዶ፥ ከዓባይ ወዲያ ነው፤ የዚያ ደም ወሬ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ወደ ደብረ ወርቅና ወደ መርጡለ ማርያም ሲደርስ፥ እስከዚያ ቀን ነገሩን ይመዝን የነበረ ሁሉ ልቡ ቈረጠ። ጠላት ደግሞ መሣሪያ አስረክቡ ማለት በጀመረ ጊዜ፥ ጠመንጃውን እንደ ርስቱ የሚያየው የጎጃም ባላገር ወደ ጫካ ገባ።

ከ1930 ዓ.ም. ወዲህ ጎጃም በአራት ታላላቅ የአርበኛ አለቆች ትጠበቅ ነበረ፤ እነርሱም መንገሻ ጀምበሬ፥ ነጋሽ በዛብህ፥ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ ነበሩ። የቢቸናና የደጀን ወገን የበላይ ዘለቀ ነበረ። በፈረስ ስማቸው አባ ኮስትር የተባሉት እኒህ ሰው የበሻ ዘለቀ ላቀው ልጅ ሲሆኑ፥ ጠላት ሳይገባም አስቀድሞ በዓባይ በረሃ ሸፍተው ይኖሩ ስለ ነበር፥ ዋሻውንና መሻገሪያውን እንደ ቤታቸው ደጅ ያውቁት ነበር። ሹመት ከመንግሥት ሳይጠብቁ ለተከታዮቻቸው ራሳቸው ማዕረግ ይሰጡ ነበር፤ ለምን ራሳቸውን ራስ እንደማያሰኙ ቢጠየቁም እናታቸው ያወጣችላቸው ስም እንደሚበቃቸው መለሱ ይባላል። ጠላት በከተማና በምሽግ ውስጥ ሲወሰን፥ ከምሽጉ ውጭ ያለው አገር በአርበኞች እጅ ሆነ። አርበኛውን የሚቀልበው፥ የሚደብቀው፥ ወሬ የሚያመጣለት ባላገሩ ነበረ፤ ስለዚህም ቤቱ የሚቃጠልበት፥ ከብቱ የሚነዳበት እርሱ ነበረ።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሂትለር ጋር ተሰልፎ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት የኢትዮጵያን አርበኞች ወዳጅነት ፈለገ። በነሐሴ ወር ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ወደ ጎጃም ገባ፤ ከአዛዥ ከበደ ተሰማ ጋር ሆኖም አርበኞችን ለማስማማት ደከመ። ጠላትም በበኩሉ ራስ ኃይሉን ወደ ደብረ ማርቆስ መልሶ የአባታቸውን ስም በሚያከብረው ሕዝብ ላይ አቆማቸው። እንዲህ ሲሆን የጎጃም ሰው ልብ በዐድዋ ቂም ብቻ ሳይሆን በቤተ ዘመድ ክብርም ይፈተን ጀመረ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። የኮሎኔል ዊንጌት ጦር፥ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተጨምረው 2 ሺህ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ጌዴዎን የሚል ስም ተሰጥቶት፥ ከአርበኞች ጋር ተባብሮ ቡሬን፥ ደምበጫንም አስለቀቀ። በቍጥር እጅግ የሚበልጠው ጠላት በየጫካው አርበኛ ያለ እየመሰለው ምሽጉን እየተወ ሸሸ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ በዚያው ቀን ከደቡብ የመጣው የጀነራል ካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ያዘ።

ከደብረ ማርቆስ የተነሣው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ግን ገና ብዙ ሺህ ነበረ። ከደጀን አፋፍ ወደ ዓባይ ወርዶ መሻገር ነበረበት። ያ ቁልቁለት ለሚሸሽ ጦር ወጥመድ ነው፤ በላዩ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ድንጋይ ብቻ ቢያንከባልል ይበቃል። መሻገሪያውን እንዲዘጉ የታሰበው በላይ ዘለቀ ነበሩ፤ የእንግሊዝ መኰንን ቴሲጀርም ለዚህ ነገር ወደ እርሳቸው ተልኮ ነበር። ይሁን እንጂ ጠላት ሳይመታ ተሻገረ። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ራስ ኃይሉ በጋብቻ ተስፋ በላይን እንዳዘገዩአቸው ይጽፋሉ፤ የበላይ ወዳጆች ይህን አይቀበሉም። እውነቱ በየትኛውም ወገን ቢሆን፥ ነገሩ የሚያሳየው አንድ ነው፤ የጠላት ኃይል ከተሰበረ በኋላም መለያየት የዘራው እህል ገና በማሳው ላይ ነበረ። ያመለጠው ጦር በግንቦት ወር በአማራ ሳይንት አጅባር ላይ ተከቦ ከ7 ሺህ የሚበልጥ ሰው እጁን ሰጠ፤ በመካከሉ ግን በዓባይ ሊቀር ይችል የነበረ ደም በወሎ ተራራ ላይ ፈሰሰ።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በደጀን ቁልቁለት ወርደው፥ በደብረ ሊባኖስም አልፈው፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጠላት በገባበት ዕለት በአምስተኛው ዓመት አዲስ አበባ ገቡ። የአኦስታ መስፍን ግንቦት 11 ቀን በአምባላጌ፥ የጎንደርም ምሽግ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደቀ። ከወራሪዎቹ ሦስት መንግሥታት የያዘውን አገር በመጀመሪያ የለቀቀው በኢትዮጵያ የነበረው የኢጣልያ ኃይል ሆነ። በ1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ራሱ ተሽሮ ሲታሰር ከታሰረባቸው ስፍራዎች አንዷ ራስ እምሩ ታስረውባት የነበረችው የጶንዛ ደሴት ነበረች። በሚያዝያ ወር መጨረሻ 1937 ዓ.ም. ጀርመን፥ በነሐሴ ወር ደግሞ ሁለት ከተሞቿ በአቶሚክ ቦምብ ከጠፉ በኋላ ጃፓን እጅ ሰጡ። በዓለሙ ሁሉ ያለቀው ሰው ከ50 ሚሊዮን በላይ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት ለሰላሙ ጉባኤ ባቀረበው መግለጫ የሞተብንን ሰው 760 ሺህ፥ የተቃጠሉትን አብያተ ክርስቲያናት 2 ሺህ፥ የፈረሱትን ቤቶች 525 ሺህ ብሎ ቈጥሯል። ከሟቾቹ 300 ሺህ የሚሆኑት መንደራቸው ከጠፋ በኋላ በረኃብና በችግር ያለቁ ናቸው። የሚቃጠለው መንደር የአርበኛው ደጀን መንደር ስለ ነበረ፥ በዚህ ቍጥር ውስጥ የጎጃም ባላገር ስሙ ባይጻፍም አለ። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው ውል ኢጣልያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍልና የዘረፈችውን እንድትመልስ ተፈረደ። ከካሣው ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ በ1929 ዓ.ም. የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ግን የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። የወዳጅም እጅ ቶሎ አልተነሣም፤ ከእንግሊዝ ጋር በ1934ና በ1937 ዓ.ም. ሁለት ውል ተደርጎ፥ ሐውድ የተባለው የኦጋዴን ክፍል እስከ 1947 ዓ.ም. በእንግሊዝ አስተዳደር ቈየ።

በቤተ ክርስቲያንም በኩል ያስከተለው ነገር አለ። ጠላት በ1930 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ለገዛ ጥቅሙ ከእስክንድርያ መንበር ለይቶ አቁሞ ነበር። ከነጻነት በኋላ ግን ይኸው ጥያቄ በጠላት ትእዛዝ ሳይሆን በስምምነት ተፈጸመ፤ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፥ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ።

የሚያሳዝነው ፍጻሜ የምሥራቅ ጎጃም ነው። በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተብለው የቢቸናን ግዛት ተሾሙ፤ ሌሎች የጎጃም አርበኞች ግን የበለጠ ማዕረግ ስለ ተቀበሉ ቅሬታ ገባ። በ1935 ዓ.ም. በሶማ ተራራ መሽገው ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋጉ፥ ተይዘውም ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ወደ እስራት ከተለወጠ በኋላ ከእስር ቤት ስላመለጡ በ1937 ዓ.ም. ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ለጠላት አድረው የነበሩት ራስ ኃይሉ ግን በቍም እስር ሆነው በአልጋቸው ላይ ዐረፉ። መንግሥት በሕግ የሸፈተን መቅጣት ይገባዋል የሚል አለ፤ ሕግን ለማስከበር ተብሎም ሊነገር ይቻላል። ነገር ግን የአምስት ዓመት ስደተኛና የአምስት ዓመት በረኸኛ በአንድ ሚዛን ሲመዘኑ፥ ሚዛኑን የያዘው እጅ ምሕረትን ለማን አስቀድሞ እንደ ሰጠ ባላገሩ ሳይቈጥር አልቀረም። በ1960 ዓ.ም. የግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ቢቸናና ሞጣ እንደ ገና የሸፈቱት ለግብሩ ብቻ አልነበረም፤ አገሬን ያቈየሁት እኔ ነኝ የሚል ሕዝብ ሳይጠየቅ መታዘዝን ስላልለመደ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ሁለት ነው። ፊተኛው፥ በአንድ ታናሽ አገር ላይ የሚደረግ ግፍ ዝም ከተባለ ዝም ያለውንም ይደርስበታል። የዤኔቩ አዳራሽ የዘጋው ጆሮ በአራት ዓመት ውስጥ በፓሪስና በለንደን የቦምብ ድምፅ ሰማ። ሁለተኛው፥ ጠላትን አገር ያስገባው ኃይሉ ብቻ ሳይሆን የቤት ቅሬታ ነው፤ ያስወጣውም የወዳጅ መድፍ ብቻ ሳይሆን ስሙ ያልተጻፈው ደጀን ነው። የፊተኛው ጦር ሲወድቅ ሐውልት ይቆምለታል፤ ደጀኑ ግን ለነጻነት ያዋጣውን ያህል በሰላም ጊዜ ፍትሕ ካላገኘ፥ በሚቀጥለው ችግር ማን በስተኋላ እንደሚቆም ማወቅ ያስቸግራል።

ዛሬ በደጀን ቁልቁለት ሥር ዓባይ ላይ ሁለት ድልድይ አለ። አዲሱ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው በጃፓን እርዳታ የተሠራ ነው። በዚያ ጦርነት ከኢጣልያ ጋር የተሰለፈች አገር፥ የኢጣልያ ጦር ተሻግሮ ባመለጠበት ወንዝ ላይ ለኢትዮጵያ መሻገሪያ ሠራች። የመንግሥታት ጠላትነት በሃምሳና በስድሳ ዓመት ውስጥ ወደ ወዳጅነት ሊለወጥ ከቻለ፥ የአንድ አገር ልጆች ቅሬታ በፍትሕና በእርቅ ቶሎ የማይሽርበት ምክንያት የለም።